ውስጡን ለቄስ አንልም

«ላዩን ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ» የሚባለው ሰው ሲታማ ነው። እኛ ዛሬ የምናማው ቤት ነው። ወይም፣ ነገሩን እናጥራውና፣ የምናማው ቤቱን ሳይሆን ቤቱን እናድሳለን ብለው የተነሡትን ነው።

ቤቱ ፉቱሮ ይባላል፤ አገሩ ፊንላንድ ነው። ፎቶግራፉን አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ከሰማይ ወርዶ በአራት እግሩ ያረፈ በራሪ ሳሕን ይመስላል። «የግጥምና የድርሰት ሰዎች ነን የምትሉ ልጆች ስለ ፈረንጅ የፕላስቲክ ቤት ምን አገባችሁ?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። አግብቶናል። አንድ የቆየ ጽሑፍ እንዴት ይታረማል፣ የቱ ቃል ይነካል፣ የቱ ይቀራል እያልን ስንነታረክ የምንውል ሰዎች፣ አንድ የቆየ ቤት እንዴት ይታደሳል ሲባል ዝም ካልን ትምህርታችን ለፈተና ብቻ ነበር ማለት ነው። ጥያቄው ያው አንድ ነው፤ ሌላ ሰው አስቦ የሠራው ነገር እጅህ ሲገባ ምኑን ልትለውጥ መብት አለህ? ምኑንስ መለወጥ ግዴታህ ነው?

፩

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነውና በቅድሚያ ስለ ቤቱ እንናገር። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ፉቱሮን የነደፈው ማቲ ሱሮነን የተባለ የፊንላንድ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ነው፤ በ1933 ተወልዶ በ2013 ሞተ። ነገሩ የተጀመረው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። አንድ የቆየ ጓደኛው፣ ገደላማ ቦታ ላይ የሚቆም፣ ቶሎ የሚሞቅ የበረዶ መንሸራተቻ ጎጆ እንዲሠራለት ጠየቀው። ሱሮነን ከዚያ በፊት ለእህል ጎተራ የሚሆን የፕላስቲክ ጉልላት ሠርቶ ያውቅ ነበር። እንግዲህ «የወደፊቱ ቤት» እየተባለ የተዘመረለት ነገር የጎተራ ዘመድ ነው ማለት ነው። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በ1968 ቤቱ ተሠርቶ ለሕዝብ ታየ። በፋይበርግላስ ከጠነከረ ፕላስቲክ የተሠሩ 16 ብልቶች በቡሎን ይገጣጠማሉ። ሲገጣጠሙ ወርዱ 8 ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር ያህል የሆነ፣ ሁለት ሳሕን አፍ ለአፍ የተገጠመ የሚመስል ቤት ይወጣል። ቤቱ በብረት ቀለበት ላይ ተቀምጦ በአራት የብረት እግር ስለሚቆም መሬቱ ቢያዘቀዝቅም ግድ የለውም። በሩ እንደ አውሮፕላን በር ወደ ታች ተከፍቶ ደረጃ ይሆናል። መስኮቶቹ ሞላላ ናቸው። በሁለቱ የፕላስቲክ ገጽ መካከል ሙቀት የሚይዝ አረፋ አለ፤ በዚህም የተነሣ ከዜሮ በታች 29 ዲግሪ የነበረውን ብርድ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ 15 ዲግሪ ሙቀት ያመጣል ተብሎለታል። ፈታትቶ በመኪና መጫን፣ ወይም እንዳለ በሄሊኮፕተር አንጠልጥሎ መውሰድ ይቻላል።

ውስጡስ? በመጀመሪያው ዕቅድ ከግድግዳው ጋር አብረው የሚዞሩ፣ ቀን ወንበር ሌሊት አልጋ የሚሆኑ መቀመጫዎች ነበሩ። በመካከል የእሳት ማንደጃ ነበረ። ወደ ጎን ደግሞ ትንሽ ማእድ ቤት፣ መታጠቢያና መኝታ ክፍል ነበሩ። ይህ ብቻ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ነገር አያስገባም፤ ከዚህ የሚያንስም ቢሆን ቤት አይሆንም።

የተሠሩት ግን መቶ እንኳ አልሞሉም። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ ከነዳጅ የሚወጣው ፕላስቲክም አብሮ ተወደደና ሥራው ቆመ። ዛሬ ስልሳ ያህሉ በልዩ ልዩ አገር ተበትነው ይገኛሉ። ቁጥር 000 የተባለው የመጀመሪያው ሮተርዳም በሚገኘው የቦይማንስ ፋን በኒንገን ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። ቁጥር 001 በፊንላንድ ኤስፖ ከተማ በዊጂ የኤግዚቢሽን ማዕከል ይገኛል። የሌሎቹ ዕጣ ለየቅል ነው። በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች፣ በ1974 የኮመንዌልዝ ጨዋታ ጊዜ፣ አንዱ የባንክ ቅርንጫፍ ሆኖ ገንዘብ መንዝሯል። በፍሎሪዳ ታምፓ አንዱ የጭፈራ ቤት ጣራ ላይ ወጥቷል። በቴክሳስ አንዱ በአውራ ጎዳና ዳር መስኮቱ ረግፎ፣ ግድግዳው በቀለም ተሞነጫጭሮ ብዙ ዓመት ቆሟል።

ልብ በሉ። ባንክ ሲሆንም፣ ጭፈራ ቤት ሲሆንም፣ ላዩ ያው ነው። የተለወጠው ውስጡ ነው። ክርክሩም ያለው እዚያው ውስጡ ላይ ነው።

፪

በዚህ ክርክር ሁለት ወገን አለ። ሁለቱም ቤቱን እንወደዋለን ይላሉ። ሁለቱም ይገድሉታል።

የመጀመሪያዎቹን «ገልባጮች» እንበላቸው። እነዚህ ሰዎች ቤቱን ይገዙና ላዩን ያጥቡታል፣ ስንጥቁን ይደፍኑታል፣ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይቀቡታል። እስከዚህ ድረስ ምስጋና ይገባቸዋል። ከዚያ ይገቡና ያለውን ሁሉ ነቅለው በበሩ ያወጣሉ። በምትኩ ምን ያስገባሉ? ቀጥ ያለ የጂፕሰም ግድግዳ። ዝርግ ኮርኒስ። ነጭ ቀለም። ከሱቅ የመጣ ባለ አራት ማዕዘን ሶፋ። ከሶፋው ፊት ለፊት አንድ ጋን የሚያህል ቴሌቪዥን። ዐይኑን ታስሮ የገባ እንግዳ ውስጥ ቢፈታለት፣ የአንድ ተራ ሆቴል አልጋ ክፍል ውስጥ ነኝ ነው የሚለው። ታዲያ ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ በራሪ ሳሕን መግዛት ለምን አስፈለገ? ሆቴሉስ ምን አጥቶ?

«ዘመናዊ ሰው ሊኖርበት ነው፤ ምቾት ያስፈልጋል» ይሉናል። እሺ፣ ያስፈልጋል። ግን ምቾቱ የታል? ክብ ግድግዳ ላይ ቀጥ ያለ ቁም ሣጥን ስታስጠጉ ከኋላው ለአይጥ እንጂ ለሰው የማይሆን ክፍተት ይቀራል። ወርዱ 8 ሜትር ብቻ በሆነ ቤት እንዲህ ያለ ክፍተት አራትና አምስት ቦታ ሲደጋገም ቤቱ ተበላ ማለት ነው። ዝርግ ኮርኒስ ሲገጠም ከጉልላቱ የሚገኘው አየር ይሰረቃል፤ ሰፊ የነበረው ቤት ጭንቅላት ላይ ይወርዳል። መደርደሪያ ለመስቀል ቅርፊቱ በድሪል ሲበሳ ደግሞ ውሃው በቀዳዳው ገብቶ አረፋው ውስጥ ይቀመጣል፤ ከውጭ አይታይም፣ ከውስጥ ይሸታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የቅኔ መምህር ሰሙ ወርቁን ለማውጣት ነው ብሎ ያስተምራል። ገልባጮች ግን ሰሙን በክብር አስቀምጠው ወርቁን ከቆሻሻው ጋር ይደፋሉ።

ሁለተኛዎቹን «አሻጊዎች» እንበላቸው። ለእነዚህ ከ1968 በኋላ ጊዜ አላለፈም። ብርቱካንማው መቀመጫ ብርቱካንማ ሆኖ ይኖራል፤ አንድ ትራስ ቢለወጥ ሃይማኖት የፈረሰ ይመስላቸዋል። ገመድ ይዘረጋሉ፤ «አትንኩ»፣ «አትቀመጡ» የሚል ጽሑፍ ይለጥፋሉ። ማንደጃው አይነድም፣ ማእድ ቤቱ ሻይ አያፈላም፣ አልጋው ላይ የሚተኛ የለም። ሬሳውን ሽቶ ቀብተው «እዩት፣ እንዴት ያምራል» ይላሉ።

እኛ መታሸግ የለበትም አንልም። አንድ ጥንታዊ ብራና ሳይነካ በክብር ይቀመጣል፤ ሰው የሚያነበው ግን ከሱ የተቀዳውን ነው። ቁጥር 000 ሙዚየም መግባቱን የሚቃወም አእምሮ ያለው ሰው አይገኝም። ሙዚየሙም ቢሆን በሩን ከከፈተ ብዙ ያስተምራል። ግን ስልሳውም ብራና ሆነው ይቅሩ? የሚያነባቸውስ ማን ነው?

አሻጊዎች ወደ ቶኪዮ ይመልከቱ። በ1972 ኪሾ ኩሮካዋ የተባለው የጃፓን የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ናካጊን የተባለውን ሕንፃ አቆመ። 140 ክፍሎች በፋብሪካ ተሠርተው፣ ውስጣቸው ሳይቀር ተሟልቶ፣ በሁለት ግንብ ላይ በቡሎን ተሰቀሉ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ በየ25 ዓመቱ ገደማ ያረጀው ክፍል እየተነቀለ በአዲስ ይተካል። ሕንፃው እንደ ዛፍ ቅጠሉን እያረገፈ ይኖራል። ምን ሆነ? ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንዱም ክፍል ተነቅሎ አልተተካም። ዝናብ ገባ፣ ቧንቧ ዛገ፣ በ2022 ሕንፃው ፈረሰ፤ 23 ክፍሎች ብቻ ለቅርስነት ዳኑ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ገንዘብም፣ የባለቤቶቹ አለመስማማትም አለበት። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ እንዲለወጥ ተደርጎ የተሠራ ቤት ሳይለወጥ ሲቀር ይሞታል።

የፕላስቲክ ቤት ደግሞ ጠባዩ ልዩ ነው፤ ቅርፊቱ ቶሎ አይሞትም። በካሊፎርኒያ ዲስኒላንድ በ1957 የተከፈተ፣ ሞንሳንቶ የተባለው ኩባንያ ያሠራው «የወደፊቱ ቤት» የሚባል የፋይበርግላስ ቤት ነበር። በ1967 ተዘግቶ ሊያፈርሱት ሲሞክሩ የማፍረሻው ብረት ኳስ እየነጠረ አስቸገራቸው ይባላል፤ ቆራርጠው ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጅቷል። እንዲህ ያለ ቅርፊት ባለቤቱን ይቀብራል። ጨርቁ፣ ስፖንጁ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ ቧንቧው ግን እንደ ማንም ቤት ያረጃሉ። ቅርፊቱ እየኖረ ውስጡ ሲሞት፣ ውስጡን ማደስ ድፍረት ሳይሆን ግዴታ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ይታደስ ወይስ አይታደስ?» አይደለም። «በምን ሕግ ይታደስ?» ነው።

፫

በክቡ ሕግ ይታደስ። መልሳችን ይኸው ነው።

የክቡ ሕግ ምንድን ነው? ለዚህ ሄልሲንኪ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። «አሁን ደግሞ ፉቱሮን ከጎጆ ቀዱት ሊሉን ነው» ብሎ የሚስቅ ካለ ይረጋጋ፤ አላልንም። ሱሮነን የተነሣው ከጎተራው ጉልላትና ከሒሳቡ ነው። ሁሉን ነገር «እኛ ቀድመን ነበር» ማለት የሰነፍ ኩራት ነው። ነገር ግን ክብ ነገር በማንም አገር፣ በማንም እጅ፣ በጭቃም ሆነ በፕላስቲክ ቢሠራ ሕጉ አንድ ነው። ጎተራን የሠራ ገበሬ ያውቀዋል፤ ክብ ነገር ዙሪያው ይሸከማል፣ መካከሉ ይይዛል። ዙሪያውን ከቆረጥክ ይደክማል፤ መካከሉን ከዘጋህ ባዶ ይሆናል።

ጎጆ ውስጥ ያደገ ሰው ያስታውስ። መደቡ ከግድግዳው ጋር አብሮ ይዞራል። ከጭቃ የተሠራ ነው፣ አይነቀልም፤ ቀን ይቀመጡበታል፣ ማታ ቁርበት አንጥፈው ይተኙበታል። ምድጃው ወደ መካከል ነው። ሰው ሁሉ ጀርባው ወደ ግድግዳ፣ ፊቱ ወደ እሳቱ ነው። ጥግ ስለሌለ ጥግ የሚይዝ የለም። አሁን የፉቱሮን የመጀመሪያ ዕቅድ መልሳችሁ አንብቡ፤ ከግድግዳው ጋር የሚዞር፣ ቀን ወንበር ሌሊት አልጋ የሚሆን መቀመጫ፣ በመካከሉ እሳት። ከፖሊስተር ተሠራ እንጂ ነገሩ መደብ ነው። ገልባጮች «አሮጌ ሶፋ» እያሉ ነቅለው የሚጥሉት ይህንን ነው። ሶፋ ይጣላል፤ መደብ ግን የቤቱ አካል ነው፣ ሲነቀል ቤቱ ይቆስላል።

«ክፍል መክፈልስ ቢያስፈልግ?» ይሉናል። ክብ ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ቅኔ ማኅሌቱ በውጭ ይዞራል፣ ቅድስቱ በውስጡ ይዞራል፣ ከመካከል መቅደሱ አለ። መቅደሱ አብዛኛውን ጊዜ ባለ አራት ማዕዘን ነው። አስተውሉ፤ ቀጥ ያለው ግድግዳ ከዙሪያው ጋር አልተላተመም፣ ክቡን አልቆረጠውም። ራሱን ችሎ ቆሞ ክቡ ይዞረዋል። አሠራሩን ብቻ እንመልከትና፣ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለፉቱሮም ይበቃል። ቁም ሣጥናችሁና መደርደሪያችሁ ቀጥ ያለ ጀርባ የግድ ከፈለጉ፣ ከግድግዳው ነጥላችሁ አቁሟቸው፤ ዙሪያው ይተንፍስ። ከዙሪያው የሚጠጋ ነገር ካለ ደግሞ እንደ ዙሪያው ይጉበጥ። እንዲህ ያለውን አናጢ ይሠራዋል፤ ጊዜና ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ስለ እሳቱም እንናገር። ፖሊስተሩም አረፋውም እሳት ከያዛቸው ይነድዳሉ፤ ጢሳቸውም መርዝ ነው። «ማንደጃው ይቅር» የሚል ካለ እንስማማለን፤ ለቅርስ ብሎ የሚቃጠል ሰው አንፈልግም። በማንደጃው ቦታ መብራት ይሁን፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሁን፣ ክብ ጠረጴዛ ይሁን። የምንከራከረው ለእሳቱ አይደለም፣ ለቦታው ነው። ሰውን ፊት ለፊት የሚያገናኘው ያ ቦታ ይቆይ። ቴሌቪዥኑ በአንድ ወገን ሲሰቀል ሰው ሁሉ ፊቱን ወደዚያ ያዞራል፤ ያን ጊዜ ክቡ ቤት ለሁለት ተሰነጠቀ፤ አንደኛው ወገን ተመልካች፣ ሌላው ወገን ጀርባ።

ድምፅም አለ። ጉልላት ድምፅ ሰብስቦ ይመልሳል። ባዶና ነጭ ሲያደርጉት ሹክሹክታው ጩኸት፣ የማንኪያው ኳኳታ ደወል ይሆናል። እንዲህ ባለ ቤት ምንጣፉና ጨርቅ የለበሰው መቀመጫ ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ድምፁን ይውጡታል። ቀለሙን ቀይሩት፤ ብርቱካንማው ካስጠላችሁ አረንጓዴ አድርጉት፣ በቀለም አንጣላም። ልስላሴውን ግን አትግፈፉት።

፬

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። «መጠለያ ያጣ ሰው በሞላበት ዓለም ስለ አንድ የሀብታም የበረዶ ጎጆ ትራስ ትጨቃጨቃላችሁ?»

ይህ በሳቅ የሚታለፍ ነገር አይደለም። እውነቱን እንናገር፤ ፉቱሮ የድሀ ቤት ሆኖ አያውቅም። የበዓል ማሳለፊያ ነበር። ሆኖም ግን ከሱ ጋር አንድ ተስፋ አብሮ ተሸጦ ነበር፤ ቤት በፋብሪካ እንደ ዳቦ ይጋገራል፣ በአጭር ጊዜ ይገጣጠማል፣ ቦታ ሲቀየር ይነሣል የሚል ተስፋ። ድሀ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር እንዲሉ፣ በዚያ ዘመን በዚህ ሕልም ቅቤ የጠጣው ብዙ ነው። ሕልሙ ለምን እንዳልሠራ መጠየቅ የሀብታም ጨዋታ አይደለም። መልሱም የሚገኘው ቤቱ ውስጥ ነው። ሰው በስምንት ሜትር ክብ ውስጥ እንዴት ይተኛል? እንዴት ያበስላል? ልጅ የት ያጫውታል? ላዩን ብቻ ካዳንን «ተገጣጣሚ ቤት ማለት በራሪ ሳሕን መምሰል ነው» የሚል ትምህርት ብቻ ይተርፈናል። ውስጡን ካዳንን ግን የሚሠራውንና የማይሠራውን እናያለን።

ላዩን ብቻ ማዳን የት እንደሚያደርስ አፍሪካ አይታለች። ዣን ፕሩቬ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1949 እስከ 1951 ባለው ጊዜ ለሞቃት አገር የሚሆኑ ሦስት የብረትና የአሉሚኒየም ተገጣጣሚ ቤቶች ሠርቶ አንዱ በኒያሜ፣ ሁለቱ በብራዛቪል ቆሙ። «የሐሩር ቤት» የሚባሉት ናቸው። ለፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ቤት ያቀርባሉ ተብሎ ነበር፤ ከሦስቱ በላይ ግን አልተሠራም። ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይተው፣ በ2000 አካባቢ የቅርስ ነጋዴዎች ፈታተው ወደ ፈረንሳይ ወሰዷቸው። ታጠቡ፣ ተወለወሉ። በ2007 አንዱ ኒውዮርክ ላይ በጨረታ ወደ 5 ሚሊዮን በሚጠጋ ዶላር ተሸጠ።

እስቲ እንጠይቅ። ያ ሁሉ ገንዘብ ለምን ተከፈለ? ለንድፍ አውጪው ስም፣ ለአሉሚኒየሙ መልክ። በግድግዳው ውስጥ ሃምሳ ዓመት ላበሰሉት፣ ለተኙት፣ ለታመሙት ሰዎች የከፈለ የለም። ለአፍሪካ ተብሎ የተሠራው ቤት ከአፍሪካ ሲወጣ ባዶ ቅርፊት ሆኖ ነው የወጣው። ገልባጭና አሻጊ ገበያ ላይ ሲገናኙ የሚወልዱት ልጅ ይህ ነው፤ ላዩ የሚያምር፣ ውስጡ የማንም ያልሆነ።

አማርኛችን የጭቃውን መቀመጫም፣ የማኅበራዊውን ደረጃም «መደብ» በሚል አንድ ቃል ይጠራቸዋል። ለዚህ ክርክር ይመቻል። አንድን ቤት «መደቡን ማን ነቀለው? አሁን ማን ይቀመጥበታል?» ብሎ መጠየቅ በሁለቱም ትርጉም የመደብ ጥያቄ ነው።

፭

መቃወም ብቻ ቀላል ነው እንዳይባል የምንለውን በዝርዝር እናስቀምጥ። እነዚህን አምስት ነገሮች ፉቱሮን ወይም መሰሉን ቤት እጁ ያስገባ ሰው ሁሉ እንዲጠብቅልን እንጠይቃለን።

አንደኛ፦ ከመንቀልህ በፊት መዝግብ። ለካ፣ ፎቶግራፍ አንሣ፣ እያንዳንዱን ብልት ቁጥር ጻፍበት። የነቀልኸውን አትጣል፤ አንተ ያልገባህ ነገር ለሚቀጥለው ሰው ይገባዋል።

ሁለተኛ፦ ቅርፊቱን አትብሳ። የምታስገባው ሁሉ ራሱን ችሎ ይቁም፤ ነገ ሌላው ሰው ቡሎኑን ፈትቶ፣ ጠባሳ ሳይተው ሊያወጣው ይቻል። ቤቱ ራሱ የሚፈታ ሆኖ ሳለ የቤቱ ዕቃ የማይፈታ መሆኑ አያሳፍርም?

ሦስተኛ፦ ዙሪያው መደብ፣ መካከሉ የጋራ ይሁን። የሚጠጋው ይጉበጥ፤ ቀጥ ያለው ይነጠል።

አራተኛ፦ ለሚኖርበት ሰው አዝን። የኤሌክትሪክ ሽቦው ይለወጥ፣ የቁርጥራጮቹ መገጣጠሚያ እንዳያፈስ እንደ ገና ይታሸግ፣ አየር መውጫ ይኑረው። ፕላስቲክ አይተነፍስም፤ በውስጡ የሚያድሩ ሰዎች ትንፋሽ መውጫ ካጣ በግድግዳው ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። የ1968ን ብርድና እርጥበት ለቅርስ ብሎ መጠበቅ ጅልነት ነው።

አምስተኛ፦ ሰው ይግባበት። በዓመት አንድ ቀንም ቢሆን በሩን ክፈት። የማይቀመጡበት መቀመጫ ሥዕል ነው፤ ሥዕል ደግሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ 8 ሜትር መሬት አይይዝም።

«ይህ ሁሉ ምኞት ነው፣ የሚያደርገው የለም» የሚል ካለ፣ አለ። በአውስትራሊያ አንዱ ፉቱሮ በ2011 ወደ ካንቤራ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተዛውሮ ለተማሪዎች መሰብሰቢያና መማሪያ ሆኗል። እኛ እዚህ መሰብሰቢያ ክፍል ለማግኘት ማመልከቻ ይዘን ቢሮ ለቢሮ ስንንከራተት፣ እነሱ በራሪ ሳሕን ውስጥ ይከራከራሉ፤ ቅናታችንን አንደብቅም። አንድ የእንግሊዝ ሠዓሊ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሊፈርስ የነበረ ፉቱሮ አግኝቶ፣ ፈታትቶ በመርከብ ወደ አገሩ ወሰደው፤ አድሶት በ2014 ለንደን ላይ ለሕዝብ አሳየው። በሚቀጥለው ዓመት ቤቱ ሴንትራል ሴንት ማርቲንስ የተባለው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ጣራ ላይ ወጥቶ ሰው ገባበት። ከአፍሪካ ሌላ ቤት ወጣ ብለን ብናዝንም፣ ቢያንስ ለጨረታ ሳይሆን ለመግባት መውጣቱን እንመሰክራለን።

አንባብያን ሆይ! ክርክራችን ስለ ፕላስቲክ ብቻ እንዳልሆነ ሳይገባችሁ አልቀረም። ያለፈው ሰው የወደፊቱን አስቦ የሠራውን ነገር የተረከበ ትውልድ ሁሉ ይህ ፈተና ይገጥመዋል። ገልብጦ በራሱ ቆሻሻ መሙላት አለ። አሽጎ መስገድም አለ። ሦስተኛው መንገድ አስቸጋሪ ነው፤ የሠሪውን ሕግ ተምሮ፣ በሕጉ ውስጥ አዲስ ነገር መሥራት ነው። ፉቱሮን የሠራው ሰው ከጎተራ ጉልላት ተነሥቶ የሰው ማደሪያ ያሰበ ነው። ሥራውን መልሰን ባዶ ጎተራ ብናደርገው ያስወቅሰናል።

ላዩን አይተናል፤ ያምራል። ይህን የካደ የለም። አሁን ደረጃውን አውርዱልን። እንግባና እንቀመጥ።